ጸጥ ያለ ኮምፕሬሰር ለቤት ጋራዥ፦ ከዲሲቤሉ በፊት የሚታይ ነገር አለ

ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የኮምፕሬሰር፣ ማለትም አየር አምቆ ታንክ ውስጥ የሚያጠራቅመው ማሽን፣ ጩኸት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከሠሪው አልፎ ለተኛ ልጅ፣ ሳሎን ለተቀመጠ ቤተሰብ፣ ለጎረቤትም ይተርፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሊገዛ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠይቀው "ስንት ዲሲቤል ነው?" ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መቅደም ያለበት ግን ሌላ ነው፦ ለምሠራው ሥራ ስንት አየር ያስፈልገኛል? አየሩ የማይበቃ ጸጥተኛ ኮምፕሬሰር ሥራ በተጀመረ ቁጥር ሳያርፍ ሲያንጎራጉር ይውላል። ድምፁ ትንሽ ከፍ ያለ፣ አየሩ ግን የሚተርፍ ኮምፕሬሰር ቶሎ ሞልቶ ይጠፋል። ቀኑ ሲያልቅ ጆሮ የሚያርፈው ከሁለተኛው ጋር ነው።

ዲሲቤሉ ምን ይነግረናል?

ዲሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር የሚቆጠር አይደለም። 80 ከ70 በጥቂቱ የሚበልጥ ይመስላል። ነገር ግን 10 ዲሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ያድጋል። ጆሯችን ያንን በግምት እጥፍ ሆኖ ይሰማዋል። 3 ዲሲቤል ሲጨምር ደግሞ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ68 እና በ72 መካከል ያለችው ልዩነት የምትናቅ አይደለችም።

ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በተለመደ ድምፅ ሲያወሩ 60 ዲሲቤል አካባቢ ይሆናል። ጸጥተኛ ተብለው የሚሸጡት ኮምፕሬሰሮች አብዛኞቹ ከ55 እስከ 70 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ተራዎቹ ትናንሾች ከ80 እስከ 90፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጮኻሉ። በሥራ ቦታ ጤና በሰፊው የሚሠራበት ምክር ለ8 ሰዓት ሥራ 85 ዲሲቤልን ወሰን ያደርጋል። ከዚያ በላይ 3 ዲሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። እንግዲህ ተራው ኮምፕሬሰር ከመረበሽም አልፎ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ወጥመዱ እንምጣ። ቁጥሩ ከስንት ሜትር ርቀት ተለካ? በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዲሲቤል ይወርዳል። አንዱ አምራች ከ1 ሜትር ለክቶ 70 ብሎ ይጽፋል። ሌላው ያንኑ ዓይነት ማሽን ከ4 ሜትር ለክቶ 58 ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም አልዋሹም። ገዢው ግን ሁለተኛው በጣም የተሻለ ይመስለዋል። ርቀቱ ያልተጻፈበትን ቁጥር እኔ እንደ ቁጥር አልቆጥረውም። ደግሞም ጋራዥ ገላጣ ሜዳ አይደለም። ግድግዳውና ኮንክሪቱ ድምፁን መልሰው ስለሚወረውሩት፣ ራቅ ብሎ መቆም ያን ያህል አይጠቅምም።

በተቃራኒው አንዳንዱ ማሽን ላይ ኤል ደብሊው ኤ (LwA) ተብሎ እንደ 97 ያለ አስደንጋጭ ቁጥር ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ይህ ከማሽኑ የሚወጣው ጠቅላላ የድምፅ ኃይል ነው። 1 ሜትር ላይ ቆሞ ለሚሰማው ሰው ከዚያ ወደ 8 ወይም 10 ዲሲቤል ዝቅ ይላል። ይህንን ቁጥር ከሌላው ማሽን የ1 ሜትር ቁጥር ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

ሌላም አለ። አብዛኛው ካታሎግ ላይ ከዲሲቤሉ ጎን ኤ የምትል ፊደል አለች። መለኪያው እንደ ሰው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሶ ነው የቆጠረው ማለት ነው። ግድግዳ ሰብሮ የሚሄደው ግን ያው ወፍራሙ ነው። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ጎረቤት "ዱም ዱም የሚል ነገር አስቸገረኝ" ሊል የሚችለው ለዚህ ነው። ቢቻል ማሽኑን ራሳችሁ ስሙት። መጀመሪያ ከአጠገቡ፣ ከዚያ በር ዘግታችሁ ከውጭ።

ጩኸቱ ከየት ነው የሚመጣው?

አንደኛው ምንጭ ፍጥነት ነው። ብዙዎቹ ትናንሽና ርካሽ ኮምፕሬሰሮች ውስጥ ያለው ሞተር እንደ እጅ ድሪል ካርቦን ያለው ነው። ቀላልና ትንሽ ነው፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ግን በጣም በመሽከርከር ነው። በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይዞራል። ጥርስ ለጥርስ ሲፋጭ፣ ማራገቢያው ሲያፏጭ፣ ያንን የሚሰነጥቅ ጩኸት የሚፈጥረው ይህ ነው። ጸጥ ያሉት ውስጥ የሚገኘው ካርቦን የሌለው ኢንዳክሽን ሞተር ነው። ባለ 4 ፖል (የማግኔት ዋልታ) ከሆነ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት 1,400፣ 60 ኸርዝ በሆነበት 1,700 ዙር አካባቢ ይዞራል። ባለ 2 ፖሉ በዚህ እጥፍ ይፈጥናል።

ሻጩን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ ብትሉኝ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ በደቂቃ ስንት ዙር? መልሱ ሞተሩ ላይ በተለጠፈችው ታርጋ ላይ ተጽፏል። "ሳይለንት"፣ "አልትራ" የሚሉት ቃላት ካርቶኑ ላይ በነጻ ይታተማሉ፤ የዙሩ ቁጥር ግን ከሞተሩ ዓይነት ጋር የታሰረ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የአየር መሳቢያው ነው፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ፒስተኑ አየር የሚስበው ባንዴ ሳይሆን በትንፋሽ በትንፋሽ ነው። በሳበ ቁጥር ቫልቯ ትከፈትና ትዘጋለች። ያ ምት በፊልትሮው (በአየር ማጣሪያው) አፍ በኩል ወደ ውጭ ይመለሳል። ማሽኑ እየሠራ ፊልትሮው አጠገብ ጆሮ ቢጠጋ ከሞተሩ ይልቅ እሱ ጎልቶ የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው። ፊልትሮው ቀጭን ክዳን ያላት አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ ብቻ ከሆነ ድምፁን የሚያግደው ነገር የለም። ከዚህ በተጨማሪ ታንኩ ራሱ ባዶ ብረት ስለሆነ ንዝረቱን ተቀብሎ ያጎላዋል። እግሮቹ ደግሞ ያንኑ ወደ ወለሉ ያወርዱታል።

ጥሩ ጸጥተኛ ኮምፕሬሰር እነዚህን አንድ በአንድ ይፈታል። አንድ ትንሽ ፒስተን በጥድፊያ ከሚመታ፣ ሁለት ፒስተኖች ግራና ቀኝ ሆነው በዝግታ ይመታሉ። የአንዱ ግፊት የሌላውን ስለሚያመዛዝነው ንዝረቱ ይቀንሳል። መሳቢያው ላይ ድምፅ መዋጫ ይገጠማል። እግሩ ለስላሳ ጎማ ይሆናል። ዋጋው ከፍ የሚለውም ለዚህ ነው፤ ለተመሳሳይ አየር ተጨማሪ ብረትና ተጨማሪ መዳብ ይጠይቃል። ስለዚህ በጣም ቀላል፣ በጣም ርካሽ፣ በጣም ጸጥተኛ እና ብዙ አየር የሚሰጥ የሚባል ነገር ከቀረበላችሁ ከአራቱ አንዱ እውነት አይደለም።

ዘይት ያለው ወይስ የሌለው? ዘይት ያለውና ፓምፑን በጎማ ቀበቶ የሚያዞረው አሮጌው ዓይነት ለረጅም ሥራ አሁንም የኔ ምርጫ ነው። ፓምፑ በደቂቃ 1,000 ዙር አካባቢ ብቻ ስለሚዞር ድምፁ ወፍራምና የማያሰለች ነው። ሙቀት ይችላል፤ ከተያዘም ይቆያል። ግን ከባድ ነው፣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ዘይቱ መታየትና መቀየር ይፈልጋል። ለቀለም ሥራ ደግሞ የዘይት ጭጋግ የሚይዝ ማጣሪያ የግድ ነው። ዘይት የሌለው ጸጥተኛ ንጹሕ አየር ይሰጣል፣ ጥገናው ትንሽ ነው፣ ለአልፎ አልፎ ሥራ ይመቻል። ከፍሪጅ ሞተር የሚሠራው ዓይነት ከሁሉም ይበልጥ ዝም ያለ ነው፤ 45 ዲሲቤል አካባቢ። አየሩ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ከኤርብረሽ (ከትንሽ የሥዕል ቀለም መርጫ) እና ከመሰል ስስ ሥራ አያልፍም።

ስንት አየር ይበቃችኋል?

የአየር ነገር ሁለት ቁጥሮች አሉት። ግፊት በባር ወይም በፒኤስአይ ይለካል፤ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። መጠን በሊትር በደቂቃ ወይም በሲኤፍኤም (ኪዩቢክ ጫማ በደቂቃ) ይለካል፤ 1 ሲኤፍኤም 28.3 ሊትር በደቂቃ ነው። ግፊቱ ብዙም አያስጨንቅም። አብዛኛው የአየር መሣሪያ 6 ባር ገደማ ይበቃዋል፤ ትንሹ ኮምፕሬሰርም ቢሆን 8 ባር ይደርሳል። ሥራ የሚያስቆመው መጠኑ ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሊትር ብዙ ጊዜ ፒስተኑ በንድፈ ሐሳብ የሚስበው ነው። ወደ ቱቦው የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ ነው። በትናንሽ ማሽኖች ላይ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ቢደርስ አይግረማችሁ። ግፊቱ ከፍ ሲል ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ስለዚህ የምትፈልጉት "በ6 ባር ግፊት የሚወጣ አየር" የሚለውን ቁጥር ነው። ከባሕር ወለል ከፍ ባለ ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ይህንንም ቀንሱ፤ 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ወደ አንድ አምስተኛ ያነሰ ነው።

መሣሪያዎቹ የሚበሉት አየር በጣም የተራራቀ ነው። ኤርብረሽ ከ10 እስከ 20 ሊትር በደቂቃ ይበቃዋል። ትንሽ ሚስማር መምቻ በአንድ ምት 1 ሊትር ገደማ ወይም ያነሰ ይበላል። የመኪና ጎማ ከ1.9 ወደ 2.3 ባር ለመሙላት 15 ሊትር አካባቢ በቂ ነው። ብሎን የሚፈታው ግማሽ ኢንች ኢምፓክት በአማካይ ከ110 እስከ 140 ሊትር ይፈልጋል፤ ግን የሚሠራው ለሰኮንዶች ስለሆነ ታንኩ ይሸፍንለታል። ትልቁ በላተኛ በአየር የሚሠራ ማለስለሻ እና ትልቅ የቀለም መርጫ ነው፤ ከ230 እስከ 350 ሊትር፣ ያውም ያለማቋረጥ። አሸዋ መርጫ ከዚህም ይብሳል።

እስቲ በአንድ ምሳሌ እንየው። ታንኩ 50 ሊትር ነው። 8 ባር ሲደርስ ሞተሩ ይጠፋል፤ 6 ባር ሲወርድ ይነሳል። በእነዚህ መካከል ያለው አየር 50 በ2 ሲባዛ፣ 100 ሊትር ነው። ፓምፑ በደቂቃ 100 ሊትር ይሰጣል። ማለስለሻው 300 ይበላል። እጀታውን በተጫናችሁ በ20 ሰኮንድ 6 ባር ላይ ትደርሳላችሁ፣ ሞተሩም ይነሳል። ግን እየሠራም በደቂቃ 200 ሊትር ይጎድላል። በሌላ 30 ሰኮንድ ግፊቱ 4 ባር ይሆናል፤ ማለስለሻው ይደክማል። እጃችሁን አንስታችሁ እስኪሞላ 2 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። 50 ሰኮንድ ሥራ፣ 2 ደቂቃ ጩኸት። ይህንኑ ማሽን ለሚስማር ብትጠቀሙበት ግን 100 ያህል ሚስማር መትታችሁ ነው ሞተሩ የሚነሳው። ያኔ በእርግጥ ጸጥተኛ ነው።

ታንኩን ወደ 100 ሊትር ማሳደግ ለማለስለሻው ብዙም አይፈይድም፤ መድከሙን ያዘገየዋል እንጂ አየር አይፈጥርም። ለሚስማር፣ ለጎማ፣ ለኢምፓክት ግን ትልቅ ታንክ ረጅም ጸጥታ ማለት ነው። የኔ ምክር ይህ ነው፦ ያለማቋረጥ ከሚበሉት መሣሪያዎች መካከል ማለስለሻውን ከኮምፕሬሰሩ ላይ አውርዱት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማለስለሻ ግዙ። ያኔ ትልቅ የቀለም መርጫ ከሌላችሁ የሚያስፈልጋችሁ ኮምፕሬሰር በግማሽ ያንሳል፣ ጸጥ ያለውም አቅማችሁ ውስጥ ይገባል።

ፈረስ ጉልበትን አትመኑ። 1 ፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው፤ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ግን አንዳንዴ ሞተሩ ለቅጽበት የሚደርስበት ጫፍ ነው። ሥራ ላይ እያለ የሚስበውን ዋት ወይም አምፔር ከታርጋው አንብቡ። በተጨማሪም ምን ያህል ጊዜ ያለ ዕረፍት መሥራት እንደሚችል ጠይቁ። 50 በመቶ ከተባለ 10 ደቂቃ ሠርቶ 10 ደቂቃ ማረፍ አለበት ማለት ነው።

ለመሸመት ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ ያለችው የሰዓት መቁጠሪያ ከማንኛውም ካታሎግ ትበልጣለች። ማሽኑ እንዲነሳ አስደርጉ። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 6 ባር ላይ ሲደርስ ቁጠሩ፤ 8 ላይ ሲደርስ አቁሙ። የታንኩን ሊትር በ2 አባዙና በወሰደው ደቂቃ አካፍሉ። 50 ሊትር ታንክ በ1 ደቂቃ ከሞላ 100 ሊትር በደቂቃ አላችሁ። በ1 ደቂቃ ተኩል ከሆነ 67 ብቻ። ይህ በምትሠሩበት ግፊት የሚገኘው እውነተኛ አየር ነው። በዚያው ድምፁንም ሰማችሁት። ሲጠፋ "ጺስ" የምትል አጭር የአየር ድምፅ ብትሰሙ አትደንግጡ፤ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ጭነት እንዲነሳ ከፓምፑ ወደ ታንኩ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ የቀረው አየር ሲለቀቅ ነው።

ቤት ከገባ በኋላ

የኤሌክትሪኩን ነገር ቸል አትበሉ። ኢንዳክሽን ሞተር ሲነሳ በሥራ ላይ ከሚስበው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይስባል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ቤት ውስጥ ሲነሳ ብሬከር የሚወድቀው። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ላይ ከተሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሞተሩ እያቃሰተ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ሶኬቱ ሩቅ ከሆነ የሚረዝመው የአየር ቱቦው ይሁን፣ ገመዱ አይሁን። ቱቦውም ቀጭን ከሆነ አየሩን ስለሚያንቀው ረዘም ላለ ርቀት የውስጥ ስፋቱ 10 ሚሊ ቢሆን ይመረጣል።

ከዚያ አቀማመጡ። ማሽኑን ወፍራም ጎማ ምንጣፍ ላይ አቁሙት። ከእንጨት መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡት፤ እንጨቱ አብሮ ይጮኻል። ጥግ ላይ አትወትፉት፤ ሁለቱ ግድግዳዎች ወፍራሙን ድምፅ ያጎሉታል። ከሁሉ የሚያዋጣው ዘዴ ደግሞ የፊልትሮውን አፍ ማራቅ ነው። ሰፋ ያለ የጎማ ቱቦ ገጥሞ መሳቢያውን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ፊልትሮውን ዝናብና አቧራ በማያገኘው ጫፍ ላይ መግጠም። ቱቦው ከመሳቢያው ቀዳዳ መጥበብ የለበትም።

ሣጥን ሠርቶ ማሽኑን ውስጡ ማስገባትም ይቻላል። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት በብዛት አያለሁ። አንዱ ስፖንጅ ወይም የእንቁላል ካርቶን ለጥፎ ድምፅ ይቆማል ብሎ ማሰብ ነው። እነዚህ ሣጥኑ ውስጥ የሚንጸባረቀውን ድምፅ ትንሽ ይውጣሉ እንጂ አያስቀሩም። ድምፅ የሚያስቀረው ክብደት እና ክፍተት አለመኖር ነው። ሁለተኛው ደግሞ አየር መግቢያና መውጫ መርሳት ነው። ኮምፕሬሰር አየር ሲያምቅ ብዙ ሙቀት ያወጣል። የታፈነ ሣጥን ውስጥ ሞተሩ ዕድሜው ያጥራል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። መግቢያውና መውጫው የተጣመመ መንገድ ይኑራቸው፤ አየር ዞሮ ያልፋል፣ ድምፅ ግን በመንገዱ ይዳከማል። ማራገቢያም ይጨመር።

ማሽኑን ከግድግዳው ውጭ፣ በጥላ ሥር አስቀምጦ አየሩን በቱቦ ማስገባት ከሣጥን የተሻለ ነው። ለዚህ ግን የውኃ ፒቪሲ ቱቦ አትጠቀሙ። ርካሽና ምቹ ስለሆነ ብዙዎች ይገጥሙታል። በአየር ግፊት ሲሰበር ግን እንደ ውኃ አይፈስም፤ ተሰባብሮ እንደ ፍንጣሪ ይበተናል። መዳብ፣ ብረት ወይም ለአየር ተብሎ የተሠራ ቱቦ ይሁን።

ኮምፕሬሰሩ ዝም ቢልም መሣሪያዎቹ ዝም አይሉም። አየር መንፊያና ኢምፓክት ብቻቸውን ከ90 ዲሲቤል በላይ ይደርሳሉ። የጆሮ መከላከያ ከዚህ በኋላም ያስፈልጋል።

ታንኩን ግን አደራ። የታመቀ አየር ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውኃ ሆኖ ታንኩ ሥር ይጠራቀማል። ካልወጣ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ቀለሙ እንዳማረ ሊቀር ይችላል። ሥራ ባለቀ ቁጥር ከሥር ያለችውን መክፈቻ ፈትታችሁ አፍስሱት። የግፊት መልቀቂያ ቫልቯን አልፎ አልፎ ስባችሁ እንደምትሠራ አረጋግጡ። ያገለገለ ማሽን ከሆነ የምትገዙት፣ ታንኩ ላይ የብየዳ ጥገና ካያችሁ ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት። የዛገ ታንክ በብየዳ አይድንም።

በመጨረሻ ፍሳሹን ፈልጉ። ታንኩን ሙሉና ጌጁን አይታችሁ ሞተሩን አጥፉት። ምንም ሳትጠቀሙ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መርፌዋ ጉልህ ወርዳ ከሆነ አየር የሚያመልጥበት ቦታ አለ። የሳሙና አረፋ መጋጠሚያዎቹ ላይ ቀቡ፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው የሚሰካበት መጋጠሚያ ወይም ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ያልተጠቀለለበት ብሎን ሆኖ ይገኛል። ፍሳሽ ያለበት ኮምፕሬሰር ማንም ሳይነካው በየጊዜው ራሱን ያስነሳል። ስለዚህ ፍሳሹ ቢጠገንም ባይጠገንም፣ ከጋራዡ ስትወጡ ማጥፊያውን ተጭናችሁ ከሶኬቱ ንቀሉት።